ቀና ብሎ ማንሳት

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ፓይን ሌክ ከተማ አጠገብ ባለችው ቤተ ክርስቲያን የመኪና ማቆሚያ፣ እማማ አፀደ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ተነሥተው መኪና ውስጥ መግባት አቅቷቸው ነበር። ልጃቸው ፍስሐ በብብታቸው ይዞ ይጎትታል።

"ቀስ በል እንጂ! የድንች ጆንያ መሰልኩህ?" ይላሉ።

ከመዘምራኑ ጋር ቆማ የነበረች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሮጣ መጣች። የወንበሩን ፍሬን ያዘች፣ እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ሸብረክ አደረገች፤ ከዚያ የአሮጊቷን ዓይን ዓይን እያየች፣ "በሦስት እንነሣለን፣ እማማ። አንድ፣ ሁለት..." አለች። ሦስት ሲባል እማማ አፀደ ቆመዋል።

"አንቺ ያቺ ዓይነ አፋሯ ሩሐማ ነሽ? እንዲህ ሰው ማየት የት ተማርሽ?" አሉ እየሳቁ።

ሩሐማ የተማረችው በጭንቅ ነው።

በትምህርት ቤቷ የቺርሊደር ቡድን፣ ማለትም ሜዳ ዳር ትርኢት እያሳየ ተጫዋቾችን በሚያበረታታው ቡድን ውስጥ፣ የእሷ ቦታ ከታች ነው። ሦስት ልጆች አንዷን በመዳፋቸው ተሸክመው ወደ ላይ ያቆሟታል። ተመልካቹ የሚያየው የላይኛዋን ነው፤ የታችኞቹን ልብ የሚል የለም። ሩሐማም ይህን ወድዳው ነበር። ታዲያ በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ልምምድ ላይ፣ ኪያራ የምትባለው የላይኛዋ ልጅ በሩሐማ በኩል ወደቀች። ወፍራም ምንጣፍ ስለነበረ፣ ጌታ ይመስገን፣ ክርኗ ከመላጡ በቀር አልተጎዳችም። ግን "ከእንግዲህ በእሷ እጅ ላይ አልቆምም" ብላ እርፍ።

አሰልጣኟ ሩሐማን ለብቻዋ ጠራቻት። "ጉልበት አላነሰሽም። የምታነሻትን ልጅ ግን አታያትም። እስከሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ካላስተካከልሽ ዘንድሮ ማንሳቱ ይቀርብሻል፤ ዳር ቆመሽ ታጨበጭቢያለሽ።"

ሩሐማ የሰማችው "ጉልበት" የሚለውን ብቻ ነበር። ቤት ገብታ የሃያ አምስት ፓውንድ የጤፍ ከረጢት ከራሷ በላይ ስታነሣ ስታወርድ እናቷ ወይንሸት ደረሰችባት።

"ልጄ፣ ጤፉ ምን በደለሽ?"

ነገሩን በእንባ ነገረቻት። ወይንሸት ሮዝዌል ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ስታነሣ ትውላለች። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና፣ "እስቲ እኔን አንሺኝ" አለች።

ሩሐማ ጎንበስ አለች።

"የት ነው የምታዪው? ምንጣፉን ነው ወይስ እኔን የምታነሺው?"

"ትልቅ ሰው ላይ አታፍጥጪ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

እውነት ነው፤ ገና በአራት ዓመቷ፣ "ሰው ሲያናግርሽ ዓይንሽን ሰበር አድርጊ" ብላ ያሳደገቻት ወይንሸት ናት። ሶፋው ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻትና እንዲህ አለች፦ "ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ባነሣኋቸው ቁጥር የሚጮኹ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሆነ ቀን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ጭጭ አሉ። ለካ የሚያስፈራቸው ማንም ሳያያቸው መነሣቱ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ይከብዳል። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ የማስረሳሽም እኔው ነኝ።"

ከዚያ ወዲያ እናት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በየቀኑ ሶፋው አጠገብ ተለማመዱ። ጉልበቱና ጀርባው በሁለት ቀን ተስተካከለ። ዓይን ግን አስቸገረ፤ "ሁለት" ሲባል ሳታውቀው መሬት ይፈልጋል። ያኔ ወይንሸት "ወደቀ!" ትላለች፤ ሩሐማ ትስቃለች፤ እንደገና ይጀምራሉ። የአውቶቡሱን ሹፌር፣ የሱቁን ገንዘብ ተቀባይ፣ ሁሉን ቀና ብላ ማየት ተለማመደች። ፊቷ በእፍረት እየጋለ፣ ቀን አላጓደለችም። እግዚአብሔር ትምህርትን በየት በኩል እንደሚልክ ማን ያውቃል?

ሐሙስ ዕለት ኪያራ በስንት ልመና ለአንድ ጊዜ ብቻ እሺ አለች። "ከወደቅሁ ለእናትሽ ነው የምነግራት" አለች እየወጣች።

ሩሐማ ቀና ብላ አየቻት።

"ኧረ እንዲህ አታፍጥጪብኝ፣ ያስቀኛል!" አለች ኪያራ ከላይ። ሳቀችም፤ ግን እግሯ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ስምንት ተቆጠረ፤ በሰላም ወረደች። አሰልጣኟ "ድገሙት" አለች። ደገሙት። ከዚያ ለሚመጣው ሳምንት አርብ ጨዋታ በተዘጋጀው ዝርዝር ላይ የሩሐማን ስም ጻፈች።

እሑድ ዕለት የእማማ አፀደ መኪና ከሄደ በኋላ፣ ሩሐማ ሁሉን ቆሞ ሲመለከት ወደነበረው፣ ይህን ታሪክ ወደሚጽፈው ምዕመን ጠጋ አለች። አስፋልቱን እያየች፣ "ጋሼ፣ አርብ ሥራ አለዎት?" አለችው።

"የለኝም፣ ምነው?"

ወዲያው ትዝ አላትና ቀና አለች።

"እማዬ የሥራ ሺፍቷን መቀየር አልቻለችም። መጥተው በስልክዎ ቪዲዮ ቢቀርጹልኝ? ኪያራን ሁሉም ሰው ይቀርጻታል። እርስዎ እኔን ብቻ፤ ዓይኔ በደንብ እንዲታይ አድርገው። እማዬ ስታየው 'ወደቀ' እንዳትለኝ።"