የሰኔ ሚካኤል ሣር

የተያዝኩት መካነ ሰላም ውስጥ፣ የግጦሽ ሜዳዎቹን የሳተላይት ምስል ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ስለጥፍ ነው። «ይህን ካርታ ለማን ነው የምትሠራው?» አሉኝ የያዙኝ ሰዎች። ሣር መቼ እንደሚያቆጠቁጥና መቼ እንደሚደርቅ የምገምትበት ነው ብላቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ያስገቡኝ ክፍል እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ስንጥቅ ብቻ ነው። በሩ ሥር ከጃማ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ተቀምጠዋል። እስረኛው ሁሉ ገበሬ ስለሆነ ወሬው ከብት ነው፤ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ሣሩ መቼ ይደርሳል?»

«ሰኔ ሳያልቅ አይለመልምም» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። እስረኞቹ በትሕትና አዩኝና ወደ እሳቸው ዞሩ። ሽማግሌው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያዳምጡ ነበር።

«ይሄ ሦስተኛው ዝናብ ነው። ብርዱም ለቋል። በሰኔ ሚካኤል ከብት ይወጣል።»

እኔ ሣር ስለካ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እሳቸው የያዙት ጆሯቸውን ብቻ ነው። ቀናሁ። ሰው ታስሮ በእስረኛ ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ዝናቡ እንዲቋረጥ እስከ መመኘት ደረስኩ።

አንድ ቀን ስለ ሳተላይቱ ምስል ሳወራላቸው «ልጄ፣ ያ ፎቶህ ከሥር የሚነሣውን ቡቃያ ያያል ወይስ ላይ ላዩን ነው?» አሉኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። አዲሱ ሣር የአምናውን ደረቅ እስኪሸፍነው ድረስ ሜዳው ምስሉ ላይ ቢጫ ነው። የተኛሁ መስዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ሽማግሌው ስንቅ ላመጣች ልጃቸው «ከብቶቹን በሰኔ ሚካኤል ወደ ላይኛው ሜዳ አውጧቸው» ብለው ኖሯል። መርማሪው «ከብት» የምስጢር ቃል ነው፣ ሰው ማለታቸው ነው ብሎ ጠርጥሯል። ጠረጴዛው ላይ የራሴን ምስል ዘረጋው፤ ጠርዙ ላይ ከሰኔ አጋማሽ ትይዩ «ደረቅ» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ።

«ባለሙያው አንተ ነህ። ሣር በሌለበት ከብት ይወጣል?»

ከታሰርኩ ወዲህ እንደ ባለሙያ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። «አይወጣም» የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር።

«ሣር ይኖራል» አልኩ።

«ምስሉስ?»

«ምስሉ ዘግይቶ ነው የሚያየው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ልክ ናቸው።»

«ትፈርማለህ?»

ፈረምኩ።

ሽማግሌው ከእኔ በፊት ተፈቱ። ያልኩትን አልነገርኳቸውም፤ ምስጋናቸውን መስማት የምችል አልመሰለኝም። ዛሬ ሥራዬ ላይ ነኝ። የሣሩን መነሻ ሳሰላ ሁለት ሳምንት ቀንሼ እጽፋለሁ። ባልደረቦቼ ለምን ሲሉኝ ከአንድ ገበሬ ተምሬ ነው እላቸዋለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር፣ ዛሬም ቢሆን፣ ያ ቅናት ትንሽ ይቆረቁረኛል።