የእትዬ ስኳር

ብረቷ ከታላቅ እህቷ ዕቃ ያልቀናችበት ቢኖር፣ ያ ዕቃ ገና አልተገዛም ማለት ነው።

ብረቷ የሚሏት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ብቻዋን ተሸክማ ስትሄድ አይተው ያወጡላት ስም ነው። እህቷ፣ እሷ እትዬ የምትላት፣ የሲሚንቶ ነጋዴ አግብታ ፎቅ ቤት ትኖራለች። የአንድ እናት ጡት ጠብተው አንዷ አንሶላ ላይ ተኚ፣ አንዷ አንሶላ አጣቢ መሆናቸው ብረቷን ሲያንገበግባት ይኖራል።

በሶፋው ቀናች፣ በመጋረጃው ቀናች፤ እሱስ ይሁን። እትዬ ስኳር እንዳለባት በተሰማ ጊዜ ግን በስኳሩም ቀናች። ምን ታድርግ? ዘመድ አዝማዱ «አይዞሽ» እያለ ይጎርፋል፤ ልጆቿ የስኳር መለኪያ መሣሪያዋን ቁጥር ያነቡላታል፤ ባሏ ደግሞ አመሻሽ ላይ ክንዷን ደግፎ ያንሸራሽራታል። ብረቷ ወገቧ ተቆርጦ ስትገባ ግን የእሷ ባል የሚጠይቃት ስለ ራት ነው።

«በሽታውም ሰው ይመርጣል» ትላቸዋለች ባልደረቦቿን። «እኛ ቤት ቢመጣ ምን ይቀምሳል?»

እትዬ በተገናኙ ቁጥር «አንቺም ተለኪ፤ በዘር ይመጣል ብለውኛል፤ አባባም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም የሞተው» ትላታለች። ይህ ለብረቷ ምክር ሳይሆን እንቁልልጭ ነው። ባለ መሣሪያዋ መሣሪያዋን ልታሳያት! ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወሬውን ትቀይራለች።

ሆቴሉ ለሠራተኛ ምሳ አያበላም፤ ሻይና ስኳር ግን አይሰፍርም። ስለዚህ አጣቢዎቹ ሻዩን ማር እስኪመስል አጣፍጠው ከዳቦ ጋር ይጠጡታል፤ «ጉልበት» ይሉታል። ብረቷ ሰሞኑን ሻዩንም ውሃውንም ጠጥታ ጥሟ አልቆርጥ አላት። ከማሽኖቹ ሥር የሚሠራ ሁሉ ይጠማዋልና «እንፋሎቱ ነው» አሏት። እሷም እንፋሎቱን ረግማ ሌላ ሻይ ቀዳች። የጎማ ቦቲው የላጠው ተረከዟ አልድን ሲላት ደግሞ ቦቲውን ረገመች።

አንድ እሑድ እትዬ ቤት በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ እትዬ ቁስሉን አየችው። መሣሪያዋን አምጥታ የብረቷን ጣት ያዘች። ብረቷም አልከለከለቻትም፤ እውነቱን ለመናገር ያ መሣሪያ ለእሷም እንዲወጣ ካማራት ቆይቷል። ቁጥሩ ከልክ በላይ ሆኖ ሲወጣ እትዬ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት የራሷን ጣት ወጋች። የራሷ ደህና ነው። የብረቷን ደገመችው፤ ያው።

በማግስቱ ተያይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ። ብረቷ እኔ እኮ ጠግቤ አላውቅም ብላ ነርሷን ተከራከረቻት። ነርሷ ምሳሽ ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት፤ የሻዩን ነገር ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ዘራችሁ አንድ ነው አለች፤ ታላቅሽን መቀመጥና መብላት አመጣባት፣ አንቺን ደግሞ ምግብ ጠፍቶ ስኳር መጠጣት። እሷ ቶሎ አወቀች፣ አንቺ ግን እግርሽ እስኪነግርሽ ጠበቅሽ፤ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ እግርሽን ታጪው ነበር። አሁን ግን ይድናል፤ ቦቲውን ተይው፣ ሻዩንም እንደዚያው።

ደጅ ሲወጡ እትዬ «ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?» አለች።

«የምትኩራሪብኝ መስሎኝ ነዋ» አለች ብረቷ አንገቷን ደፍታ። ትንሽ እንዳነከሰች ሄደችና፣ «ትናንት ያንቺ ቁጥር ስንት ነበር?» አለች።

እትዬ ነገረቻት።

«አየሽ? ዕድሜ ልኬን ብዙ አለሽ ብዬ ቀናሁ፤ ዛሬ ደግሞ በትንሹ አስቀናሽኝ።»

እትዬ እየሳቀች ክንዷን ደገፈቻት። የብረቷ ዓይን ግን ቁልቁል ወርዶ፣ ሐኪም ለእህቷ ያዘዘላት ለስላሳ ጫማ ላይ አርፏል።

«እትዬ» አለች፣ «እግራችን አንድ ልክ ነው አይደል?»

እትዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።