የጎሽ ሜዳ ማርያም አራተኛ ካሜራ

ጎሽ ሜዳ ላይ ሰው ቢጠላህ ሰላምታ አይነፍግህም። «እንዴት ዋልክ፣ ደኅና ነህ?» ይልሃል፤ አልፈኸው ስትሄድ ግን ኪሱን ይዳብሳል። ወርቅነህ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየተሰላመ ኖሯል። ከአርብ ገበያ በእግር አንድ ሰዓት የምታስኬደው ይህች መንደር ዳዊት የደገመባት፣ ዲቁና የተቀበለባት፣ የማርያምን ዕቃ ቤት ቁልፍ ሦስት ዓመት በአንገቱ አንጠልጥሎ የዞረባት አገሩ ናት። አሁን አርብ ገበያ ላይ ጠባብ ሱቅ ከፍቶ ካሜራ ይሰቅላል፣ የኔትወርክ ገመድ ይዘረጋል፤ በየሆቴሉና በየመጋዘኑ ጣሪያ ሲንጠላጠል ይውላል። በሙያው የሚያማው የለም። የሚያሙት በሌላ ነው።

ነገሩ ከጋብቻ ይጀምራል። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ቅስናም ቅኔም የያዙት የደብሩ መምህር፣ ወርቅነህን ከፊደል ጀምረው ያስተማሩ የኔታው ናቸው። ቢወዱት ልጃቸውን ታንጉን ዳሩለት። በሁለት ዓመቱ ተፋቱ። ሽማግሌ ቢቀመጥም ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልለየም፤ ሁለቱም እልኸኞች ነበሩ። ወርቅነህ ቁልፉን ለመሪጌታ በእጃቸው አስረክቦ፣ ንዋየ ቅድሳቱን አንድ በአንድ አብረው ቆጥረው፣ ባሕር ዳር ገባ። በዚያው ሳምንት የደብሩ የብር መስቀል ከዕቃ ቤቱ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ቁልፍ የያዘ ዲያቆን፣ ሚስቱን ፈትቶ አገር የለቀቀ ዲያቆን! ሌባው ታወቀ ተባለ። ባሕር ዳር ሌላ ሴት አግብቶ ክህነቱ ሲፈርስ ደግሞ «አላልናችሁም?» አሉ። ሁለተኛይቱም ጥላው ሄደች፤ በዚህም ሳቁበት። ቁልፉ ሲመለስ መስቀሉ በቦታው እንደነበረ የሚያውቁት መሪጌታና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። እግዚአብሔር ዝም አለ። መሪጌታም ዝም አሉ፤ እንዲህ እያሉ ስድስት ዓመት።

ወርቅነህ ለራሱ ቢሆን ችሎት ነበር። አንጀቱን የሚያሳርረው የእናቱ ነገር ነው። ላቀች የማርያም ማኅበርተኛ ናት። በወሩ በሃያ አንድ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተራ የደረሰው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ማኅበሩን ያስተናግዳል። የላቀች ተራ የካቲት ነው። መስቀሉ ከጠፋ ወዲህ ግን ጽዋው ከጥር ወር ባለተራ ዘሎ የመጋቢቱ ቤት ይገባል። ይህን ያዘዘችው የማኅበሩ አለቃ ደጊቱ ናት። «ከሌባ ቤት ጽዋ አንጠጣም» አለች፤ አለቀ።

ላቀች ግን በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ጌሾዋን ትወቅጣለች፣ ጠላዋን ትጠምቃለች፣ ቤቷን ትለቀልቃለች። በሃያ አንድ ነጭ ለብሳ በሯን ከፍታ ትቀመጣለች። ማንም አይመጣም። ጠላው ይኮመጥጥና ትደፋዋለች። ወርቅነህ ከባሕር ዳር ተመልሶ ይህን ባየ ጊዜ «እምዬ፣ ምናለ ብትተዪው?» አላት። «ተራዬ ነው» አለችው። ሌላ ቃል የላትም።

ዘንድሮ በጥር መጨረሻ አዲስ አበባ ያሉ የመንደሩ ተወላጆች አራት ካሜራ፣ የምስል መቅጃና ቴሌቪዥን ገዝተው ለደብሩ ላኩ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ጥበቡ የሚሰቅልላቸው ሰው ቢያፈላልጉ በአቅራቢያው ያለው ወርቅነህ ብቻ ሆነ። ደጊቱ ይህን ስትሰማ «ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጣችሁ» እያለች አገሩን አዳረሰችው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የሷ አፍ ሲያመልጥ ግን እስከ ሩቁ ወገዳ ከተማ ይሰማል።

ወርቅነህ ጉባኤው ፊት ቀርቦ ዋጋ አልጠየቀም። ካሜራዎቹ በሠሩ ቀን መሪጌታ ቁልፉን እንዴት እንደተረከቡ በሕዝብ ፊት ይናገሩ፣ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው አለ። ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞሩ። እሳቸው መቋሚያቸውን እያዩ «ይሥራና እናያለን» አሉ። የካቲት ሃያ አንድ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ሦስቱን ካሜራ በበሩ፣ በደወል ቤቱና በመቃብሩ በኩል በሁለት ቀን ሰቀለ። ከሥር ሆነው የሚጠብቁት ሁለት ጎልማሶች ቀና ብለው ከማየት በቀር አንዲት ምስማር አላቀበሉትም። መብራት የሚያገኘው በየት ነው ብለው ጠየቁት፤ መብራቱም ምስሉም በዚሁ በአንዱ ገመድ ነው የሚሄደው ቢላቸው ተያይተው ሳቁ። ሌባ ሲዋሽ እንኳ አይችልበትም ብለው ነው።

አራተኛው ካሜራ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የሚገባው። እዚያ ከካህንና ከዲያቆን በቀር የሚገባ የለም፤ ክህነቱ የፈረሰ ሰውማ ደፉን አይረግጥም። ወርቅነህ የገመዱን ጫፍ ውጭ ሠርቶ ሊያቀብላቸው አሰበ፤ ያም አልሆነም። መሪጌታ በዚያ እጅ የታሰረ ነገር ዕቃ ቤት አይገባም አሉ። ካሜራውን ራሳቸው ይሰቅላሉ፣ ጫፉንም ራሳቸው ይሠራሉ። በሰባ ዓመታቸው! እሱ በደጅ ቆሞ ይንገራቸው፣ እሳቸው ውስጥ ሆነው ይጽፋሉ።

በተገረበበው በር በኩል ነገራቸው። ገመዱ ሲላጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ይወጣል፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንድ ናቸው። ጥንዱ ይፈታና ስምንቱ በተራ ተደርድረው ኮኔክተር የሚባለው ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ በመጭመቂያው ይጨመቃል። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ከውስጥ የብዕሩ ድምፅ ቆመ።

«አረንጓዴውን ከጥንዱ ለምን ለየኸው? መካከላቸው ሰማያዊ ምን ይሠራል?»

«ሥርዓቱ እንዲያ ነው፣ የኔታ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።»

«መለያየት ድሮም ታውቅበታለህ» አሉና በሩን ዘጉት።

ወርቅነህ ካሜራዎቹ ለሕዝብ ሊታዩ ከተቀጠረው በዓል በፊት ሊሞክረው ፈልጎ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆየና ምንም ሳይሞክር የካቲት አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ደረሰ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ የሰበካ ጉባኤውን ቢሮ ሞላው፤ የተረፈው በመስኮት ተንጠለጠለ። ላቀች ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ማንም ቦታ አልለቀቀላትም። ወርቅነህ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። በሩ መጣ፣ ደወል ቤቱ መጣ፣ መቃብሩ መጣ። አራተኛው ጥቁር ሆነ። ዕቃ ቤቱ!

«አያችሁት?» አለች ደጊቱ። «ሌላው ሁሉ በርቶ ዕቃ ቤቱ ብቻ ጨለመ። ለቀሪው ዕቃ መምጫውን እያበጀ ነው።»

ቢሮው ጉምጉምታ ያዘው። አንዱ በሩን ዝጉት አለ። አቶ ጥበቡ ፊታቸው ጠቆረ። ወርቅነህ እናቱን ላለማየት አንገቱን ሰበረ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሮ ሽቦዎቹን እንዴት እንደደረደሯቸው እንዲነግሩት ለመነ። መሪጌታ ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው ደረታቸውን ነፍተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወረዱት፤

«ነጭ ብርቱካን ከብርቱካን። ነጭ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። ነጭ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ነጭ ቡኒ ከቡኒ። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየውም!»

ሕዝቡ «እውነት ነው!» አለ። ወርቅነህ ሁሉ ነገር ገባው። የኔታ እሱ እንደነገራቸው ጽፈው፣ ሲሠሩ ግን በእልህ ጥንድ ጥንዱን አጋብተውታል። በቢሮው ያለው የሱ ጫፍ ሌላ፣ በዕቃ ቤቱ ያለው የሳቸው ጫፍ ሌላ፤ ምስሉ በየት በኩል ይለፍ? አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «የኔታ ተሳስተዋል» ቢል ነገሩ እዚያው ይለይለታል። ግን ማን ያምነዋል? ሌባው ጥፋቱን በካህን አላከከ ይሉታል። ደግሞም፣ ይህ ነው የከፋው፣ የኔታን በሕዝብ ፊት ማረም አፉ አልተማረውም። በልቡ ረገማቸው፤ በአፉ ዝም አለ።

መቁረጫውን አወጣ። ቢሮ ውስጥ ያለውን የራሱን ጫፍ፣ ትክክለኛውን፣ ቆርጦ ወለሉ ላይ ጣለው። አዲስ ጫፍ ልጦ አረንጓዴን ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊን ከሰማያዊ አጋብቶ እንደሳቸው አድርጎ ሠራው። ገመዱ አጭር ነውና ይይዛል፤ ረጅም ቢሆን አይሆንም ነበር። ሰካው።

ዕቃ ቤቱ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣ። ከበሮዎቹ፣ ጸናጽሎቹ፣ የታጠፉት ጥላዎች፣ ሳጥኑ፣ መስቀሉ ይሰቀልበት የነበረው ባዶ ምስማር። ወርቅነህ ስድስት ዓመት ያላየው ቤት ነው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ አልፎ አልፎም ይቆራረጣል፤ እሱ ግን ዓይኑን መንቀል አቃተው። በልጅነቱ ራሱ የጠገነው የከበሮ ማንገቻ እንኳ እዚያው ነበር።

«ዞር በል» አሉት መሪጌታ። «አንተ ልታየው አይገባም።»

ዞረ። የሠራውን ነገር ጀርባ ሰጥቶ ግድግዳ እያየ ቆመ። አቶ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ መሪጌታ እንግዲህ ካሜራው ሠርቷል፣ የተባለው ቃል ነበረ አሉ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ።

«ካሜራ ከዛሬ ወዲህ ያለውን ነው የሚያየው» አሉ። «ያለፈውን አያይም።»

ይኼው ነው። ሕዝቡ የመሪጌታን ጥንድ እያወደሰ ወጣ። እሳቸው ሲወጡ ጎንበስ ብለው ከወለሉ አንድ ነገር አነሡ፤ ወርቅነህ መቋሚያ የወደቀባቸው መስሎት ልብ አላለም። ላቀች ቀድማ ወደ ቤት ሄደች። ደርሳ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና ጌሾ መውቀጥ ጀመረች። ያን ጊዜ ወርቅነህ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፤ ከንዴት ነው።

በሃያ አንድ ላቀች እንደ ልማዷ ነጭ ለብሳ በሯን ከፍታ ተቀመጠች። ወርቅነህ ሱቁን ዘግቶ አጠገቧ ነበር፤ ብቻዋን ጠላ ስትደፋ ላያያት ምሏል። ቀኑ ጋደል ሲል መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በአጥሩ ብቅ አሉ። ከኋላቸው አቶ ጥበቡ፣ ከዚያ የማኅበሩ ሴቶች፣ ከሁሉ ኋላ ፊቷን እንደ ከሰል ያጠቆረች ደጊቱ በመሪጌታ ትእዛዝ ጽዋውን ታቅፋ። መሪጌታ ወርቅነህን ሰላም አላሉትም። ገብተው ተቀመጡ፣ ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ተቆርጦ የተጣለውን ኮኔክተር መደቡ ላይ አኖሩት። አጠገቡ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ዘረጉ።

«ካሜራው ይቆራረጣል» አሉ ማንንም ሳያዩ። «ይህን አንሥቼ ከጻፍኩት ጋር አስተያየሁት። አንድ ነው። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ፤ ይህ ሰው አውቆ ዝም አለ። እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ። ቁልፉን ያስረከበኝ ቀን መስቀሉን በእጄ ይዤ ቆጥሬዋለሁ። በቦታው ነበር። የጠፋው ቁልፉ እኔ ዘንድ እያለ ነው።»

አሁን ሴቶቹ የሚያዩት ወርቅነህን ሳይሆን መሪጌታን ነበር፤ ያቺው ኪስ የምታስዳብሰው አስተያየት። ሽማግሌው ይህ እንደሚመጣ እያወቁ ስድስት ዓመት ሲፈሩት ኖረዋል። ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን ባረኩ፤ ከላቀች እጅ ተቀብለው ከሁሉ በፊት ጠጡ። ከዚያ ለደጊቱ ደረሰ። ደጊቱ ጽዋውን አየች፣ መሪጌታን አየች፣ ጠጣች።

መሪጌታ ሲወጡ ደጁ ላይ ወርቅነህ አጠገብ ቆሙ።

«የልጄን ነገር ይቅር አላልኩህም» አሉት።

«እኔም የእምዬን ስድስት የካቲት ይቅር አላልኩም» አላቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተገቢ ነው እንደማለት። «ነገ ጧት ና፤ እንደ ሥርዓቱ እናድርገው። እኔ ውስጥ እጽፋለሁ... ኧረ እሠራለሁ። አንተ በደጅ ሆነህ ታነብልኛለህ።»

ወርቅነህን እናቱ ከውስጥ ጠራችው። ጠላው ሊያልቅ ነው፣ ሁለተኛውን ጋን አውርድልኝ አለችው።