የሚካኤል ዋዜማና ማግስት፤ ስለ ዶክተር ጌጡ

አላመንኩም። ጠዋት ልጄ ትዕግስት ደውላ «አባ፣ ዶክተር ጌጡ አረፉ» ስትለኝ «የትኛው ጌጡ?» አልኳት። ሌላ ጌጡ ያለ ይመስል። ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም።

ለማታውቋቸው፣ የእብናት ገበሬ ልጅ ናቸው፤ እዚህ ደብረ ታቦር የአፈር ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። እኔ የላብራቶሪያቸው እስቶር ሠራተኛ ነኝ።

በተራ በተራ ካልደረደርኩ ነገር አይሆንልኝም፣ ታውቁኛላችሁ። አንደኛ፣ ማተባቸው ሁልጊዜ ከሸሚዛቸው ውጭ ነው። ሁለተኛ፣ ሚዛን ከመክፈታቸው በፊት ያማትባሉ፣ ሰው ኖረም አልኖረም። ሦስተኛ፣ አንዱን ናሙና ሦስት ጊዜ ይመዝናሉ። አንድ ተማሪ «ዶክተር፣ ከጸለዩ ወዲያ አንዴ አይበቃም?» ብሎ ቢያሾፍባቸው «ጸሎቱ ለኔ ነው፣ ሚዛኑ ለአፈሩ» አሉት። ይቺን ቃል ስንቴ እንደሰማኋት።

እኔ ግን በሳቸው አፍር ነበር። እኔም ማተብ አለኝ፤ ግቢ ስገባ ሸሚዜን እስከ አንገቴ እቆልፍበታለሁ። የተማረ ሰው ኋላ ቀር እንዳይለኝ።

ዛሬ የማፍርበት ሌላ ነው።

ዶክተር የናሙናው ከረጢት ላይ በሚለጥፉት ወረቀት ቀኑን የሚጽፉት ገበሬው እንደነገራቸው ነው። ጋፋት ከላይኛው ማሳ የመጣው «የሚካኤል ዋዜማ»፣ ከታችኛው የመጣው «የሚካኤል ማግስት»። አምና ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ትዕግስት ደግሞ በዚያው ሰሞን እዛው ክፍል ሥራ አመልክታለች። ፈራሁ። እንግዶቹ «ይሄ ላብራቶሪ ነው ጽዋ ማኅበር?» ቢሉስ? አባቷም ከዚሁ ኋላ ቀር ቤት ነው ብለው ልጄን ቢተዋትስ?

ማንም ሳያዘኝ ወረቀቱን ሁሉ ላጥኩና በቁጥር ጻፍኩበት። ሚካኤል አስራ ሁለት ነው ብዬ ዋዜማውንም «12»፣ ማግስቱንም «12»።

በቃ፣ የሁለቱ ማሳ አፈር አንድ ሆነ። ዶክተር ገምጋሚዎቹ ፊት ከረጢቶቹን አገላበጡና «በሚካኤል ለት ማን መሬት ይነካል?» አሉ፣ ቀስ ብለው። ጽሑፌን ያውቁታል፤ የኔ ሁለት ቁጥር አንገቷ ጠማማ ነች። ቀና ብለው አዩኝ። አንዱ ወጣት መምህር «ዶክተር፣ መላእክቱ ቀላቀሉብዎ እንዴ?» ሲል ሁሉም ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ቁልፍ ይዤ በር ላይ ቆሜ፣ አብሬ ሳቅሁ።

እሳቸው «ምልክቱ የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ» ብለው ከረጢቶቹን ሰበሰቡ። በማግስቱ ጋፋት በእግራቸው ሄደው እንደ አዲስ ቆፈሩ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሳምንት በኋላ ባዶ ከረጢት ሊወስዱ እስቶር መጡ። «ጋሽ ደሴ፣ ልጅዎ ሥራው ደረሳት?» አሉኝ።

«ደረሳት» አልኩ።

«ተመስገን» ብለው ወጡ። ለምን እንዳደረግሁት ሳይቀር ገብቷቸው ነበር።

ዛሬ በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ሁሉም ሲያዝን፣ አንዱ ያንኑ የአምናውን ቀልድ አንስቶ «የመላእክቱ ዶክተራችን» ብሎ ጻፈ። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ የኔ ነው፤ እኔ እያለሁ ከሳቸው ጋር ሊቀበር አይገባም። ትዕግስትም ታነበዋለች። የክፍሉ ኃላፊም ያንብቡት፣ የመጣው ይምጣ።

ዶክተር፣ አስራ ሁለቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእስቶሩ እስከ ቢሮዎ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ዓመት ሙሉ ሳልመጣ ቀረሁ። ዛሬ ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ስናገር እርስዎ ብቻ የሉም። ካህን እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ ግን የበደልኩት እርስዎን ነውና ይፍቱኝ። በሰላም ይግቡ።