ሁለት ሰዓት ለብቻዬ፣ ከክራሬ ጋር

ሥራ የጀመርኩት ሐይቅ ከተማ ነው። የኪነት ቡድኑ ድምፃዊ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ፣ የወንድሜን ክራር በነጠላ ጠቅልዬ ከአምባሰል በእህል መኪና ላይ ተጭኜ ወረድኩ። ያኔ ሁሉም ሰው ጓድ ነበርና የቡድኑ ኃላፊም ጓድ ደምሴ ይባሉ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጋራ እያጨሱ፣ “እስቲ ዝፈኚ” አሉኝ።

ዘፈንኩ። የመጀመሪያውን አንጓ ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ። “ድምፅሽ ወፍራም ነው። ወንድ ድምፃዊ ደግሞ ሞልቶናል” አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ክራሬን ልጠቀልል ስል፣ “ቆይ፣ ጣትሽ ጥሩ ነው። ከኋላ ተቀመጪና አጅቢ” አሉ። ተቀመጥኩ። ጠጉሬ እስኪሸብት እዚያው ተቀመጥኩ።

በቡድናችን ደረጃው የታወቀ ነበር። ከፊት ድምፃዊው፣ ከጎኑ ተወዛዋዦቹ፣ ከእነሱ ኋላ ማሲንቆና ዋሽንት፣ ከዚያ ከበሮ፣ መጨረሻ ላይ እኔ። ድምፃዊ ሲታመም ሌላ ድምፃዊ ከደሴ ይጠራል እንጂ ዘይነባ ትሞክር ያለ ሰው የለም። አልከፋኝም ብል ውሸቴን ነው፣ ከፍቶኛል። ሥራው ግን ደስ ስለሚለኝ ኩርፊያዬ ከጠዋት እስከ ልምምድ ሰዓት ብቻ ነበር የሚቆየው።

ለማያውቁ ወጣቶች አንድ ነገር ላስረዳ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቅኝት አላቸው። ዘፈኑ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲዞር ክራሩም አብሮ መዞር አለበት፤ ሁለት ክሮችን ማላላት ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ክሩ ትንሽ ካለፈ ወይም ትንሽ ከጎደለ ዘፈኑ ይበላሻል። እኛ ታዲያ ሰው ፊት አንቃኝም ነበር። ክራር መድረክ ላይ መቃኘት መድረክ ላይ ልብስ እንደ መቀየር ይቆጠራል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስቃኝ ከበሮው ይመታል፣ መድረክ መሪው ይቀልዳል፣ ሰው ሲስቅ እኔ እጨርሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እንደዚያ ነው።

ለውጥ በተባለው ጊዜ ሥራ በዛብን። በየአዳራሹ ስብሰባ ነው፣ በየስብሰባው ደግሞ ዘፈን አለ። ብዙ ሳንቆይ የሰሜኑ ጦርነት መጣና ሐይቅ ደረሰ። ባለቤቴ ይማም ዓሣ አጥማጅ ነው። ክራሬን በተቀዳደደ መረብ ጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ሰቀለልኝ። “አሮጌ መረብ የሚሰርቅ የለም” አለ፣ እውነቱንም ነበር። ጦርነቱ ሲያልፍ ክራሬ ነበረ፣ ቡድኑ ግን አልነበረም። የአዳራሹ በር ተሰብሯል፣ ድምፅ ማጉያው የለም፣ ድምፃዊያችን አዲስ አበባ ቀርቷል፣ ከበሮ መቺያችን አርፏል። እኔም ጡረታ ወጣሁና አበቃ ብዬ ክራሬን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ።

ቶይባ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ተመለሰችና ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ከፈተች። አንድ ቀን ከይማም ጋር ዓሣ ልናስረክብ ሄድን። ቶይባ ሚዛኑን ትታ ወደ እኔ መጣች።

“እትዬ ዘይነባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ልጀምር ነው። የመጀመሪያውን አንቱ ይክፈቱልኝ።”

“ከማን ጋር?”

“ለብቻዎ። እየዘፈኑ፣ ክራሩንም ራስዎ እየመቱ። ሁለት ሰዓት ሙሉ።”

“ወላሂ አንቺ ልጅ ፀሐይ መቶሻል። እኔ ለብቻዬ ሁለት ዘፈን ተጫውቼ አላውቅም።”

“እዚያ ማዶ እያለሁ ሰው ሁሉ በስልክ ዘፈን ይልክልኛል። እኔ የሚናፍቀኝ ግን አንቱ ልብስ ሲያጥቡ የሚያንጎራጉሩት ነበር። ልጅ ሆኜ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማዎት ነበር እኮ።”

ይማም የዓሣውን ቅርጫት እንደያዘ ፊቴን ያየኛል። እምቢ ልል አፌን ከፍቼ፣ “መቼ ነው?” አልኩ። ፍርሃትም ነበር፣ ግን የሚበዛው ደስታ ነው። ቤት እስክንደርስ ምን እንደማወራ አላውቅም፤ ይማም፣ “ሽሮውን ዛሬ እኔ ልሥራው፣ አንቺ ታሳርሪዋለሽ” አለኝ።

በማግስቱ ክራሬን አወረድኩ። ገበቴው ደህና ነው፣ ቆዳው ደህና ነው፣ ክሮቹ ግን አልቀዋል። ያኔ ደሴ ድረስ ሄዶ የክራር ክር መፈለግ ድካም ነበር። የይማምን የዓሣ ናይለን ውፍረቱን እየለየሁ ስድስት ክር ቆረጥኩ። ቀጭኑ ለቀጭን ድምፅ፣ ወፍራሙ ለወፍራም።

“ዓሣ ልይዝበት የገዛሁትን አንቺ ሰው ልትይዢበት?” አለኝ።

“ከያዝኩ አካፍልሃለሁ” አልኩት።

ናይለን አዲስ ሲሆን ይለጠጣል፣ ቅኝት አይጠብቅም። ስለዚህ በየቀኑ እየወጠርኩ ማለማመድ ነበረብኝ። የለሰለሱት ጣቶቼ በመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ቋጠሩ። ክራር ለማታውቅ እህቴ ሳሳያት አዘነች፤ እኔ ግን ውሃ የቋጠረ ጣቴን እያየሁ እንደ ሙሽራ እስቅ ነበር።

ችግሩ ድምፅ ነው። መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ጄኔሬተር ከተነሳ ደግሞ ክራር አይሰማም። ስለዚህ ያለ ማይክ ነው የምጫወተው። ሁለት ሰዓት በጉሮሮዬ ብቻ ሰው ማስቀመጥ እችላለሁ ወይ? ሌላ ጭንቀት አልነበረኝም። ሰው ዓሣውን በልቶ፣ አንድ በአንድ ተነስቶ፣ ባጃጅ እየጠራ ሲሄድ በዓይኔ ይታየኝ ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ መሪጌታ ኃይለ ማርያም አሉ፣ ድጓ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። አንድ ጠዋት አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ “ዘይነባ፣ ሰሞኑን ምን ሆነሽ ነው እንደ ታመመ በሬ የምታጓሪው?” አሉኝ።

“ለብቻዬ ልዘፍን ነው መሪጌታ። ሁለት ሰዓት።”

ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡ። “ስለ ዘፈን አልናገርም፣ ሥራዬ አይደለም። ስለ ጉሮሮ ግን ልንገርሽ። እኛ ማኅሌት ቆመን እናድራለን። ዝቅ ብለሽ ጀምሪ፤ ገና በመነሻው ከጮኽሽ መጨረሻው ላይ ድምፅ አይኖርሽም። የተልባ ውሃ ለብ አድርገሽ ጠጪ።”

“እሺ፣ አባቴ።”

“ደግሞ እኛ ግራና ቀኝ ሆነን ነው የምንቆመው። ግራው ሲያዜም ቀኙ ያርፋል። አንቺን ማነው የሚያሳርፍሽ?”

ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚያስፈራኝ ዘፈኑ ራሱ አልነበረም፤ በዘፈኖቹ መካከል ያለው ዝምታ ነው። ከበሮ የለ፣ መድረክ መሪ የለ። ቅኝት ስቀይር ሰዉን ማን ይይዝልኛል?

አስቤ አስቤ መላ መታሁ። ከድሮ ባልደረባዬ ሁለተኛ ክራር ተዋስኩ። መጀመሪያ ትዝታ እጫወታለሁ። ሰው ዓሣ ሲበላ ጓዳ ገብቼ የኔን ክራር ወደ ባቲ እቃኛለሁ። ባቲው ሲያልቅ ቀድሞ የተቃኘውን ሁለተኛውን ክራር አንስቼ ሳላቋርጥ አምባሰል እገባለሁ። ማንም ስቃኝ አያየኝም። በዚህ መላዬ በጣም ኮርቼ ነበር፤ ለይማም ሦስት ጊዜ አስረድቼዋለሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሁለቱንም ክራሮች ወስጄ ቶይባ ቤት አስቀመጥኩ፣ የኔን ጓዳ ውስጥ፣ ሁለተኛውን እንዲቀርበኝ ብዬ በሐይቁ በኩል ካለው መስኮት ሥር። ቤት ተመልሼ ቀሚሴን ለበስኩ፣ አወለቅኩ፣ ሌላ ለበስኩ። ስዳር እንኳ እንዲህ አልሆንኩም፤ ይማም ይህን ሲያነብ አውፍ ይበለኝ።

ቤቱ ሞልቷል። ከሐይቅ ሰው ሌላ ከውጫሌ በሚኒባስ የመጡ አሉ። ፊት ለፊቴ አያ ይመር ተቀምጠዋል፣ አምባሰል የአባቴ ጎረቤት የነበሩ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው። ገና ሳልጀምር፣ “አምባሰል መቼ ነው?” አሉኝ።

“ይደርሳል አያ ይመር።”

“እኔ እደርስበት እንደሆነ ነው የጠየቅሁሽ” አሉ፣ ሰው ሳቀ።

እንደተመከርኩት ዝቅ ብዬ በትዝታ ጀመርኩ። ያ ወፍራም ድምፄ ከጠረጴዛዎቹ ሥር ሥር የሚሄድ መሰለኝ። ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማሁ። በር ላይ ቆመው የሚያወሩት ዝም አሉ። ለካ ይሄ ነው ከፊት መቀመጥ ማለት፤ የሰው ፊት ይታያል። ስዘፍን የነበርኩት የሐዘን ዘፈን ነው፣ እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት ፈገግታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ዓሣው ሲበላ ጓዳ ገባሁ፣ ወደ ባቲ ቃኘሁ፣ ወጣሁ። ባቲውን ሰው በጭብጨባ ተቀበለው። እንደ አሰብኩት እየሄደልኝ ነው። የመጨረሻውን ባቲ እንደጨረስኩ ክራሬን አስቀምጬ ሁለተኛውን አነሳሁና አንድ ጊዜ ገረፍኩት።

የወጣው ድምፅ የክራር አይደለም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር የሐይቁ እርጥበት ሲገባበት ውሏል። ቆዳው ረግቧል፣ ክሮቹን የሚሸከመው በርኩማ ወደ ውስጥ ሰምጧል። እኔ፣ የሐይቅ ሰው፣ የዓሣ አጥማጅ ሚስት፣ ክራር ውሃ ዳር አስቀመጥኩ። እንግዳ ሰው እንኳ የማይሠራው ስህተት ነው።

አስቀመጥኩት። የኔን መልሼ አነሳሁ። ባቲ ላይ ነው። ዓሣው ስላለቀ ጓዳ ብገባ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ጀርባዬን ላዞር አልኩ፤ ወዴት? በሦስት ወገን ሰው ነው፣ በአራተኛው ሐይቁ። ሰው ሁሉ እጄን ያያል። ያ የፈራሁት ዝምታ መጣ።

ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ መቃኛውን ያዝኩና የመጀመሪያውን ክር ማላላት ጀመርኩ። አንዴ ነካሁት፣ ትንሽ አላላሁት፣ ደግሜ ነካሁት። ደረሰ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ “ወደ አምባሰል እየሄደች ነው” ስትል ሰማሁ። ሁለተኛውን ክር ያዝኩ። አላላሁ፣ ነካሁ።

“ገና ነው” አለ አንድ ሰው ከውጫሌዎቹ መካከል።

ጥቂት አላላሁ።

“አሁንም ገና ነው” አሉ አያ ይመር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ሆን ብዬ በዝግታ ማላላት ጀመርኩ። ክሩ በወረደ ቁጥር ቤቱ ሁሉ አብሮ ያንጎራጉራል፣ በቀስታ፣ በአፍንጫ። ጉሮሮዬ አረፈ። እኔ ዝም ብያለሁ፣ እነሱ ይሠራሉ። ክሩ ቦታው ላይ ሲያርፍ ማንም መናገር አላስፈለገውም፤ አያ ይመር ከዘራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱ።

“ተቀበይ” አሉኝ፤ ግጥም ሲሰጡ እንደዚያ ነው የሚባለው።

አምባሰል ተራራው ጭጋግ ቢሸፍነው፣
መንገዱን አልስትም እግሬ የሚያውቀው ነው።

ተቀበልኩ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ለሌላ ሰው ስመታ የኖርኩትን አምባሰል ለራሴ ድምፅ መታሁት። አዝማቹ ላይ ስደርስ ሰው ነጠቀኝ፤ እነሱ ሲሉ እኔ አርፋለሁ፣ እኔ ስል እነሱ ያርፋሉ። በጦርነቱ ልጁን ያጣ ጎረቤቴ ግድግዳ ተደግፎ እንባውን ሳይጠርግ አብሮ ይላል። ከዚያ ሌላ ሰው ግጥም ሰጠ፣ ከዚያ ሌላ። ቶይባ ሰዓት እላፊው ሊደርስ ነው ብላ እስክትለምን ድረስ ከወንበሩ የተነሳ ሰው አላየሁም።

ሰው ሲበተን ቶይባ ጎኔ ተቀመጠች። “እትዬ ዘይነባ፣ ያ ክራሩን ሲቃኙ ሰዉ እንዲያንጎራጉር ያደረጉበት ነገር እንዴት አሰቡት? በሚመጣው ቅዳሜም ይደግሙታል አይደል?”

“ኢንሻአላህ” አልኳት። ልክ ነገሩን ያቀድኩት ይመስል።

የተዋስኩትን ክራር ቆዳውን አስለውጬ ለባለቤቱ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክራር ይዤ ወጥቼ አላውቅም። ለብቻችሁ የምትጫወቱ ባልደረቦቼ፣ ቅኝት ስትቀይሩ ጀርባ አትስጡ። ሰው ፊት ቃኙ። ቶሎም አትጨርሱ።