ከሥዕሏ ሥር የደረሰው መስመር

በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሁለት ነገር ነበር። ከላይ፣ ከአገሬ ከጎጃም ስመጣ በነጠላ ጠቅልዬ ያመጣኋት የእመቤታችን ሥዕል፤ ከሥሯ ደግሞ ባለቤቴ በዱቄት ሙጫ የለጠፉት ባለ ካሬ ወረቀት። በሥዕሏ ፊት ጠዋትና ማታ እኔ እቆማለሁ፤ በወረቀቱ ፊት እሳቸው ይቆማሉ። ጣሊያን ወጥቶ ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ፣ ድሬ ዳዋ በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሆኑ ነው። በዚያ ቤት ከሁለታችን ማን አብልጦ ይጸልይ እንደነበር ዛሬም መናገር ይቸግረኛል።

ባለቤቴ የአንድ ቡና ላኪ ጸሐፊ ነበሩ። ላኪው ፈረንጅ ነው፤ በከተማው ልማድ «ሙሴ» እንለዋለን። ቡና በኒውዮርክና በአደን በምን ዋጋ እንደዋለ የሚናገር ቴሌግራም ይመጣለታል። ባለቤቴ ዋጋውን በቃላቸው ይዘው ይመጡና ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ አንዲት ነጥብ ወረቀቱ ላይ ያኖራሉ። ነጥቧን ከትናንቷ ጋር በሰማያዊ ቀለም ያገናኟታል። ለቆዳ ቀይ መስመር ነበራቸው፤ ለጠገራ ብር ደግሞ በእርሳስ የተሰመረ።

ሙሴ ነው ያስተማራቸው። ገበያ እንደ እንስሳ ዱካ ይተዋል፤ ወሬውን ተወውና ዱካውን ተከተል ይላቸዋል። ዋጋ ወርዶ ወርዶ የሚቆምበት ወለል አለው፤ ወጥቶ ወጥቶ የሚመለስበትም ጣሪያ አለው። ወለሉ በየጊዜው ከፍ እያለ ከሄደ ገበያው ሽቅብ ነው፤ ዝቅ እያለ ከሄደ ቁልቁል። ቆዳና ቡና አብረው ከተነሡ እመን፤ አንዱ ብቻውን ሲሮጥ ግን ተጠራጠር።

ይህን ለእኔ ያስረዱኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሽሮ እያማሰልኩ ስለነበር «እሺ፣ እሺ» ብዬ አሳለፍኳቸው። ምነው ያን ቀን ድስቱን አውርጄ በተቀመጥኩ! ከዚያ ወዲህ የሚያስረዱት ለሌላ ሰው፣ ለአንዲት ቡና ነጋዴ ሆነ።

ያቺ ሴት የምትመጣው ከተማው የቀትር እንቅልፉን ሲጨርስ ነው። የድሬ ልጅ ነች፤ ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ዓረብኛውንም በአንድ ትንፋሽ ታወራዋለች። ባሏ ሞቶባት ንግዱን ራሷ ይዛ፣ ከሐረር ተራሮች የሚወርደውን ቡና እየገዛች መጋላ በሚባለው ሰፈር ባለው መጋዘኗ ታከማቻለች። እኛም ባለቤቴ በቆጠቡት ብር የገዛናቸው ጥቂት ጆንያዎች እሷ ዘንድ ተቀምጠዋል። ስለዚህ «ለምን መጣሽ?» ለማለት ምክንያት የለኝም። አለመኖሩ ነው ያቃጠለኝ።

በሩ ላይ ጫማዋን ታወልቅና ገና ሳትገባ፣ «ወሪያ! ዛሬስ ቡናችን ወዴት ሄደች?» ትላለች።

«ወሪያ» ሶማሊዎቹ ወንድ የሚጠሩበት ነው። እኔ ባሌን አንቱ ብዬ፣ በስማቸውም ጠርቻቸው የማላውቅ፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ብድግ የምል ሰው ነኝ። እሷ ወሪያ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

«ትናንት ወለሏን ረገጠች፤ ዛሬ ትንሽ ቀና ብላለች» ይላሉ።

«ታድያ ቆዳስ?»

«ቆዳ ቀድሟል።»

«አየህ! አላልኩህም?»

ጎን ለጎን ቆመው፣ አንገታቸውን አንድ ዓይነት አዘንብለው ያዩታል። ክፉ ነገር አላየሁም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እጃቸው እንኳ ተነካክቶ አያውቅም። ክፉ ነገር ባይ ይቀለኝ ነበር። ሴት በመልክ ብትበለጥ ኩል ትኳላለች፣ ጠጉሯን ትሠራለች። በመስመር የተበለጠች ሴት ምን ትሠራለች?

እኔ ሻይዋን ያለ ስኳር አቀርብላት ጀመር።

ፉት ትልና፣ «አባዮ፣ ስኳር ተወደደ እንዴ? እስቲ ወሪያ፣ የስኳርም መስመር ሥራልን፤ እዚህ ቤት ጣሪያውን ነክቷል!» ትላለች። አባዮ ማለት በእነሱ እህቴ ማለት ነው። ባለቤቴ እስኪያላቅሳቸው ይስቃሉ። እኔም ጥርሴን አሳይቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፣ ቅናት ልብን እንደሚበላ፣ ስግደት እንድጨምር መከሩኝ። መስቀላቸውን ስሜ ልወጣ ስል፣ «ለመሆኑ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቡናው ይወጣል አለች?»

«ማን አባቴ?»

«ያቺ ነጋዴዋ። እህቴ ትንሽ አስቀምጣ ነበርና።»

በዚያው ሰሞን ከጎጃም የመጣ አንድ መንገደኛ ስለ እናቴ ነገረኝ። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ሰውን የምትለየው በድምፁ እየሆነ ነው አለኝ። ካገባሁ ጀምሮ አላየኋትም። ከድሬ አዲስ አበባ ባቡሩ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ በኋላ በቅሎ ነው። ለመንገዱ፣ ባዶ እጅም ላለመግባት፣ ቡናው መሸጥ ነበረበት። የፊቴን መልክ ሳትረሳ፣ ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ልደርስላት ፈለግኩ። ሌላ የፈለግኩት ነገር የለም።

«መስመሩ ከሥዕሏ ሥር ሲደርስ እንሸጣለን» አሉ ባለቤቴ። «በሚቀጥለው ባቡር ትሄጃለሽ። እኔም እሸኝሻለሁ።»

ከሥዕሏ ሥር ያሉበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች ሴት መስመር የእናቴ መንገድ ሆነ። ሥዕሏ ፊት ስቆም ዓይኔ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ስለ ቡና ዋጋ መጸለይ ነውር ስለመሰለኝ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» ብቻ ብዬ ቀና እላለሁ። ቤት ስጠርግ ከወረቀቱ ፊት መዘግየት ጀመርኩ። አቧራውን እያራገፍኩ የቆመበትን፣ የወደቀበትን፣ የተነሣበትን በጣቴ እከተላለሁ። በፍልሰታ ጾም እኔ ቅዳሴ ቆሜ እነሱ ቤት ቆመው ሲያዩት ይታየኝና ካህኑ የሚሉትን ሳልሰማ አልፋለሁ። ስመለስ መጀመሪያ የማየው አዲሷን ነጥብ ነው።

መስመሩ ወጣ። ሥዕሏን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ። እንደገና ወጣ፤ እዚያው አጠገብ ደርሶ እንደገና ተመለሰ። ባለቤቴ መጀመሪያ በቀልድ፣ «እመቤቴ አላሳልፍም አለችው» አሉ። ኋላ ይህንኑ ሳይስቁ ይሉት ጀመር። የሥዕሏን ክፈፍ የገበያው ጣሪያ አድርገው ያዙት። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የዚያችን ሴት ቡና እመቤቴ በገዛ ቤቴ ስትመልሰው ማየት ልብ ይሞላል። የእኛም ቡና አብሮ እንደሚመለስ ትዝ የሚለኝ ዘግይቶ ነው።

ሦስተኛ ሲወጣ ክፈፉን ነካ።

ሦስታችንም ግድግዳው ፊት ቆምን። ባለቤቴ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «እንግዲህ ጣሪያው ይኸው ነው። ነገ ይሸጥ» አሉ። እግሬ ሥር ያለው ወለል የባቡር ያህል ተንቀሳቀሰብኝ።

«ወላሂ አብደሃል!» አለች እሷ። «ኒውዮርክ ያለው ሰውዬ የአንተን ግድግዳ ያየዋል? ወረቀት ነው ያለቀብህ እንጂ ገበያው መች አለቀ! ሥዕሊቱን ወደ ላይ አድርጋትና ሌላ ወረቀት ለጥፍ።»

«ማንን?» አልኩ እኔ። «እመቤቴ ለቡና ቦታ አትለቅም!»

«አባዮ፣ አትቆጪ። አንቺ ሻይሽን አፍዪ፤ ይህ የእኛ ነገር ነው።»

የእኛ አለች። ባሌ አጠገብ ቆማ፣ በቤቴ፣ የእኛ። ይህን ብላም እጇን ወደ ሥዕሏ ዘረጋች።

«እጅሽን!» ብዬ ጮህኩ። በርጩማ ስቤ ወጣሁና ሥዕሏን በገዛ እጄ አወረድኳት። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ በዓመታት ጢስና አቧራ መካከል ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ሥዕሏን በደረቴ አቅፌ፣ እዚያው በርጩማ ላይ እንዳለሁ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ወለሉ በየጊዜው ከፍ እያለ ነው የመጣው» አልኩ። «እዚህ ጋ ወደቀ፣ እዚህ ጋ ከዚያ ከፍ ብሎ ቆመ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ከዚያም በላይ። ቆዳውም ቀድሞት ወጥቷል። ያልፋል። አይሸጥም።»

ባለቤቴ እንደዚያ አድርገው አይተውኝ አያውቁም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ። ያቺ ሴት አፏን በሻሿ ይዛ፣ «ያ አላህ! ሻይ ስታፈላ ይህን ሁሉ ስትማር ነበር?» አለች።

በገዛ መስመሯ አሸነፍኳት። ባቡሬን በገዛ አፌ እንዳስቀረሁ የገባኝ ከበርጩማው ስወርድ ነው።

ሥዕሏን በምሥራቅ በኩል ሰቀልኳት፤ ሲጀመርም መዋል የነበረባት እዚያ ነው። ባለቤቴ በነጩ ቦታ ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፉ። መስመሩም እንዳልኩት አለፈ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ የሚጠሩት እኔን ሆነ። «ነይ እስቲ፣ ይህን እዪ።» እኔም እጄን አጥቤ እቀመጣለሁ። ያቺ ሴት ስትመጣ ሦስት ሆነን እንቆማለን፤ መሐል የምቆመው እኔ ነኝ። ቅናቴ ግን የሚሞት መስሎኝ ተሳሳትኩ። ፊት በባሌ እቀናባት ነበር፤ አሁን እኔ ሳላየው እሷ ቀድማ ባየችው ነገር ሁሉ መቅናት ጀመርኩ። በመካከሉ የእናቴ ዓይን እየደከመ ነው። «ትንሽ ትውጣ» እያልኩ መንገዴን አሳደርኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት። ወጥቶ ወድቋል፤ እንደገና ወጥቶ ግን የቀድሞው ከፍታ ላይ አልደረሰም። ቀዩ የቆዳ መስመር ከብዙ ቀን በፊት ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል ሄዷል።

«ደክማለች። ይሸጥ» አልኩ።

«አልደከመችም» አለች ያቺ ሴት። «ቁጭ ብላ ነው። ሽቅብ የሚወጣ ሰው ቁጭ አይልም እንዴ?»

ባለቤቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ። ምስክር የሚጠሩ ይመስል ወደ ሥዕሏም ዞር አሉ። ከዚያ፣ «የእኛን እንሸጣለን» አሉ። የእኛ ሲሉ እጃቸውን ያሳረፉት በእኔ ትከሻ ላይ ነው። ይሸጥ ያልኩት ለእናቴ ብዬ እንጂ ያን ለመስማት ብዬ እንዳልሆነ ዛሬም በሙሉ አፌ መማል አልችልም።

ተሸጠ። ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ በቅሎዋም ደረሱ። እናቴ በር ላይ አስቁማ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አጥርታ አላየችኝም። ግን አየችኝ፤ «ግንባርሽ የአባትሽን መሰለ» አለች። ስለ ገበያው፣ ስለ መስመሩ፣ እንዴት እንደወጣና እንዴት እንደደከመ ምሽቱን ሁሉ አወራሁላት። በመጨረሻ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ታድያ እመቤቴን ከቦታዋ አነሣሻት?»

«ወደ ምሥራቅ ነው ያዞርኳት፣ እማዬ።»

«እሱስ ደግ ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፋች።

ድሬ እንደተመለስኩ ያቺ ሴት ልካ ጠራችኝ። የመጋላውን ቤቷን ያን ቀን ነው ያየሁት። የተቀባ ነጭ ግድግዳ፣ ሥዕል የለበት፣ ሰዓት የለበት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ባዶ። በዚያ ላይ እሷ ራሷ ያሠመረችው መስመር ይሄዳል። ቀለም ስላላገኘች በዓይን ኩል ነው የሳለችው፤ ጠማማ ነው፣ ወፍራም ነው። እኛ የሸጥንበትን ቦታ ፈለግኩት። ከወገቤ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ትከሻዬን አልፎ፣ ራሴን አልፎ ሄዷል።

ቀናሁ። የእናቴ እጆች ገና ፊቴ ላይ እየሞቁኝ ነበር፤ ያን በምንም ዋጋ አልለውጠውም። ቢሆንም ቀናሁ። በባል የሚቀኑት ቅናት አልነበረም፤ ያ ሙሉ ግድግዳ ነው ያስቀናኝ።

ሻይ አቀረበችልኝ። ቀመስኩት፤ ስኳር የለውም። ቀና ስል እየሳቀች ነው፤ የወርቅ ጥርሷ ያበራል።

«በይ አባዮ» አለች፤ «እስቲ እያትና ንገሪኝ። አሁንስ ደከመች?»

ተነሥቼ ቀረብኩ። የመስመሩን ወለል በጣቴ ተከተልኩ።

«ደክማለች» አልኩ።

አጠገቤ መጥታ አንገቷን እንደ ድሮው አዘንብላ አየች፤ መጀመሪያ መስመሩን፣ ቀጥላ እኔን።

«ይህን ያለው ዓይንሽ ነው ወይስ የሆድሽ ቅናት?»

«መጀመሪያ ስኳሩን አምጪ» አልኳት።