የእትዬ አማረች ቺንጋ

ዛሬ ጠዋት የሰው ቁርስ ላይ ሳኒታይዘር ረጨሁ።

የወንድሜ ልጅ ምሕረት በሰው አገር፣ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላት። ለሦስት ወር ልጠይቃት መጥቼ፣ በሽታው ገባና አውሮፕላኑ ሁሉ ቆመ። እሷም ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብላ ሹመት ሰጠችኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ በደንበኛ እጅ ላይ ሳኒታይዘር እረጫለሁ። ማስኩን አገጩ ላይ ያንጠለጠለውን ሁሉ እቆጣለሁ። የእኔ ማስክ የት እንዳለ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ዛሬ ገና ሳይነጋጋ መብራት ጠፋ። እዚህ አገር ሎድ ሼዲንግ ይሉታል፤ ስም ስላወጡለት የቀለላቸው ይመስላል። የጎረቤታችን ሥጋ ቤት ጄነሬተር ተነሣ። አንድ እግሩ ላልቶ ኖሮ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ይልና በአራተኛው ጧ! ብሎ ግድግዳውን ይመታል። ብርዱ አጥንት ይበላል፣ የከሰሉ ጭስ መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። እጄ ሳላዘው በዚያው ምት ይረጫል፤ ሦስቱን ቀስ፣ አራተኛውን በኃይል። ጎጎ ኖምሳ የምትባል የዘወትር ደንበኛችን እጇን ስትዘረጋልኝ ለእሷም ረጨሁላት። ለካ የዘረጋችልኝ ትኩስ ማግዊንያ ኖሯል፤ የእኛን ቦምቦሊኖ የመሰለ ነው፤ ልታቀምሰኝ።

"ሃዉ፣ ምኩሉ!" አለች። ምኩሉ አያት ማለት ነው፤ እሷ ራሷ የልጅ ልጆች ስላሏት አክብሮት ይሁን ስድብ እስካሁን አላጣራሁም። "ይኸው ማግዊንያዬን ኮሮና አይዘውም!"

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት?" አለች ምሕረት ከፍርግርጉ ኋላ። "ካስተመሮቼን ሊጨርሱብኝ ነው?"

"የራሴ ሙዚቃ ነው የነካኝ። ይህን ምት የፈጠርኩት እኔ ነኝ።"

"አሁንም ጀመሩ?"

አርባ ዓመት ሙሉ ያልኩት ነገር ነው። ዛሬ ግን ያ ጄነሬተር ጆሮዬ ሥር እያንኳኳ ስለው አፌ ላይ መረረኝ።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከምባታ ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማችን ባንድ ነበረን። ሦስት ነበርን። ማርቆስ ይዘፍናል፣ ታደሰ ከበሮ ይመታል፣ እኔ ጊታር እጫወታለሁ፤ ጊታሩን የሰሙት ሰዎች "እጫወታለሁ" የሚለውን ቃል አይስማሙበትም። አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደ ነው፤ ከስድስቱ ክር አራቱ ቀርተውታል። የአገራችንን የሠርግና የአጨዳ ዜማ በኤሌክትሪክ እናስጮኸው ነበር። እኛ ሮክ ነው እንላለን፣ አባቶቻችን በሽታ ነው ይላሉ። ራሳችንን "ነጎድጓድ" ብለን ሰየምን። ሕዝቡ ግን "ወፍጮዎቹ" ይለን ነበር፤ ምክንያትም ነበረው።

ከተማዋ መብራት አልነበራትም። ያለችው አንዲት ዲናሞ የእትዬ አማረች ወፍጮ ሞተር ላይ የታሰረችው ነበረች። እትዬ አማረች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወፍጮውን ብቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ዱቄት ቅንድባቸው ላይ ስለማይጠፋ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም። ለልምምድ መብራት ስንለምናቸው ጆንያዎቹን አሳዩን።

"መብራቴን የሚበላ ጆንያዬን ይሸከማል" አሉ። "በአንድ ልምምድ ለእያንዳንድሽ ሦስት ጆንያ።" ሲቀልዱብን "አንቺ" ነበር የሚሉን።

ስለዚህ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ መጀመሪያ ከአህያ ጀርባ ጆንያ እናወርዳለን፣ ከዚያ ዱቄቱ መሐል ቆመን እንጫወታለን። ጤፍ ሲፈጭ ጊታሬ ጥርት ይላል። በቆሎ ሲገባ ሞተሩ ይከብደውና ጊታሬ እንደሰከረ ሰው ድምፁ ይሰምጣል። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች "ኧረ ጤፍ አምጡ፣ ልጁ ታመመ!" እያሉ ይስቁብኛል። የወፍጮው ቺንጋ፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ ደግሞ ተበጥሶ በጠፍር የተሰፋ ነበር፤ ስፌቱ መዘውሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ጧ! ይላል። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ፣ ጧ። ዘፈኖቻችንን ሁሉ በዚያ ላይ ሠራናቸው። ማርቆስ ዘፈኑን ሲጀምር ዘወትር ከጧው ቀጥሎ ነበር የሚገባው።

እኔና ታደሰ ለጨዋታ ነበርን፤ ማርቆስ ግን ለእንጀራው ነበር። የዚያን ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ነበር፤ አዋሳ ላይ ውድድር ተዘጋጀና የተመረጠ ዘፋኝ በደመወዝ ይቀጠራል ተባለ። አባቱ "ይቺን ሞክር፤ ካልሆነ ማረሻው ይጠብቅሃል፣ ሁለተኛ ስለ ዘፈን እንዳልሰማ" አሉት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጭነት መኪና፣ በዝንጅብል ጆንያ ላይ ተጭነን ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው በተያዘ ቁጥር ወርደን እንገፋለን። እናቴ ቆጮና ጎመን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር፤ ሻሸመኔ ስንደርስ ሁሉም ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። ማርቆስ አልበላም። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ግጥሙን ይደግም ነበር።

አዳራሹ ውስጥ እውነተኛ መብራት ነበረ። ጊታሬ እንደዚያ ጠርቶ ስሰማው ሌላ ሰው የሚጫወት መሰለኝና ዞር ብዬ አየሁ። ታደሰ ጀመረ። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ... ከዚያ ምንም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አራተኛዋን ታደሰ መትቶ አያውቅም! ሁልጊዜ ለወፍጮው ትቶለት ነው የኖረው። ማርቆስ አፉን ከፍቶ ጧውን ይጠብቃል። ታደሰ ማርቆስን ይጠብቃል። እንደገና ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። ዝም።

"ዘፋኙን አንቆታል፣ ውሃ ስጡት!" አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ። የማርቆስ አንገት ሥር ሲገተር አየሁ። የአባቱ ማረሻ ፊት ለፊቱ የቆመ ይመስል ነበር።

ማይክሮፎኑ አጠገቤ ነበር። አላሰብኩም፤ በሕይወቴ ደህና ነገር የሠራሁት ሳላስብ ነው። "ጧ!" ብዬ ጮህኩበት።

ማርቆስ እንደ ጥይት ገባ። ከዚያ በኋላ በየአራተኛው እጮሃለሁ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስንደርስ ሕዝቡ አግዳሚውን እየደበደበ አብሮኝ ጧ ይላል።

የዳኞቹ ሰብሳቢ ወፍራም፣ ላብ የሚያሠቃያቸው ሰው ነበሩ። "ዘፋኙን እንቀጥረዋለን" አሉ። "ጊታሩን ግን ወደ ቤቱ መልሱት።" ከዚያ ብዕራቸውን አነሡ፤ "ይህን ጧ የምትሉትን የፈጠረው ማን ነው? ለሬድዮ ይመዘገባል።"

ማርቆስ "እት..." ሲል ሰማሁት።

"እኔ ነኝ!" አልኩ።

ማርቆስ ገና አሁን ከማረሻ የዳነ ሰው ነው፤ ምን ይበል? ስሜ ተጻፈ።

ቅዳሜ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። የልምምድ ቀን ስለሆነ ከሦስቱ ጆንያዬ ሁለቱን በደስታ አወረድኩ። ሦስተኛውን በሩ ላይ አቁሜ ወሬውን ጀመርኩላቸው። እትዬ አማረች ዱቄት እየጠረጉ ሰሙኝ።

"ማርቆስ ቀረ?"

"ቀረ። ደመወዝ ተቆረጠለት።"

"እሰይ!" አሉና መጥረጊያውን ጥለው ከግድግዳው ምስማር ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። አዲስ ቺንጋ ነበር፤ የጎማው ሽታ ቤቱን ሞላው።

"መቼ ገዙት?" አልኳቸው።

"ካቻምና።"

"ታዲያ ይህን ሰቅለው በዚያ ቡትቶ ሲፈጩ የኖሩት ለምንድን ነው? ሰዉ ዘገየብን እያለ ሌላ ወፍጮ ሲሄድብዎት?"

እንደ ሞኝ አዩኝ፤ ልክ ነበሩ። "ብቀይረውማ ማርቆስ በየት በኩል ይገባል?"

አሮጌውን እየፈቱ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ዳኞቹ ስለ ጧዋ አልጠየቁም?" አሉኝ።

"አልጠየቁም" አልኩ።

ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳለሁ ሞተሩ ሲነሣ ሰማሁ፤ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። እንደ ጤነኛ ልብ ይመታል። ባንዳችን ያን ዕለት ፈረሰ፤ ፈረሰ ያለ ሰው ግን የለም። በሳምንቱ ሬድዮ ዘፈኑን ከነስሜ አሰማ። የእትዬ አማረች ሬድዮ ደግሞ ወፍጮው ራስጌ ነበር የሚቀመጠው። ከዚያ ወዲህ የቤታችንን እህል ወንዝ ተሻግሬ ሩቅ ወፍጮ አስፈጨሁ፤ እናቴ ትጋቴን ለጎረቤት ታወራ ነበር። በኋላ ለአስተማሪነት ሌላ አገር ተመደብኩ። መሞታቸውን የሰማሁት በደብዳቤ ነው።

ጧዋ ግን አልሞተችም። በአገራችን ሠርግ ሁሉ ገባች። እዚህ ሮዘተንቪል በሚባለው ሰፈር ያሉት የአገራችን ልጆች ዘንድሮ በስልክ በሚያስተላልፉት መዝሙር ሳይቀር ሦስት አጨብጭበው አራተኛዋን ጧ ያደርጓታል፤ "የጥንት አባቶቻችን ምት ናት" ይላሉ። እኔም ምሕረትን በክርኔ እየነካሁ "ጥንታዊው አባት ይኸው አጠገብሽ ተቀምጧል" ስላት ኖሬአለሁ።

ዛሬ፣ መብራት በሌለበት ሱቅ ውስጥ፣ ሁሉን ነገርኳት።

"ማርቆስስ ምንም አላለዎትም?"

"ለበዓል ይደውልልኛል። 'እንኳን አደረሰህ፤ እውነቱን ተናገርክ?' ይለኛል። 'ለመጪው በዓል' እለዋለሁ።"

"በሉ አሁን ይደውሉለት" ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ደወልኩ። "ተናገርኩ" አልኩት። ሳቀ፣ ሳለ፣ ደግሞ ሳቀ። "ስንት ጆንያ ነበር ያን ቅዳሜ የተሸከምከው?" አለኝ። አንድ ጊዜ ነግሬው ነበር፤ ይህ ሰውዬ ምንም አይረሳም።

ባለሥጋ ቤቱ ጡብ ይዞ ወጥቶ የጄነሬተሩን እግር ሊደግፍ ጎንበስ ሲል ተው አልኩት። ጎጎ ኖምሳ በተካሁላት ማግዊንያ ጉንጯን ሞልታ ባንኮኒውን በጣቷ ትመታለች፤ ሦስት ቀስ፣ አንድ በኃይል። ማን እንዳስተማራት ብትጠይቁኝ አሁን መልሱን አውቃለሁ።

ሦስተኛው ጆንያ ግን እዚያው ነው፤ በቆሎ ነበር፣ ሙሉ ኩንታል፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እንዳቆምኩት። ወገቤ ዛሬ ሁለት ኪሎ ስኳር ሲያነሣ ያቃስታል። ቢሆንም ለእትዬ አማረች የአንድ ጆንያ ዕዳ አለብኝ።